እንኳን ለክርስትናሽ ቀን አደረሰሽ

አዳማ፣ አንድ ኬክ ቤት ወረፋ ስጠብቅ ከፊቴ የነበረችው ሴት ኬኳ ላይ የሚጻፈውን ስትናገር የክሬም ጸሐፊው እጅ አየር ላይ ቀረ።

«እንኳን ለክርስትናሽ ቀን አደረሰሽ በልልኝ።»

«ልደት ለማለት ነው፣ እህቴ?»

«አይደለም፤ ክርስትና።»

ልጁ እንደታዘዘው ጻፈ። ቃሉ ረዘመበትና የመጨረሻዋ «ሽ» ወደ ኬኩ ጎን ወረደች። ሴትየዋ እኛም እንድንሰማ ብላ ነው መሰለኝ፣ «ካቶሊኮች ነን፤ ፖፕ ፍራንቸስኮስ ናቸው ያመጡት» አለችና ሒሳቧን ከፍላ ወጣች።

እኔም ካቶሊክ ነኝና ነገሩ ከነከነኝ። ፍራንቸስኮስ ብዙ ነገር አምጥተዋል፤ ይሄን ግን ከእሳቸው በፊት የሆነ ቦታ አንብቤዋለሁ።

ያለችው ግማሹ እውነት ነው። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 8 ቀን 2014 በሳምንታዊ ትምህርታቸው ምእመናኑ የተጠመቁበትን ቀን ያውቁ እንደሆነ ጠይቀው፣ ያላወቀ ቤቱ ገብቶ እንዲያጣራ የቤት ሥራ ሰጥተዋል። የእሳቸው ቀን ለመርሳት አይመችም፦ እ.ኤ.አ. በ1936 የፈረንጆች ገና ዕለት፣ ቦነስ አይረስ ላይ። ያጠመቋቸው ካህን ሳሌዥያን ነበሩ፤ የእኛው የዝዋዩ የዶን ቦስኮ ማኅበር ማለት ነው። ዝዋይ እነሱ ዘንድ የተማረ ሰው እዚህ ላይ ቢኮራ አልፈርድበትም።

ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ1968 የወጣው የቫቲካን የሥርየት ዝርዝር፣ በጥምቀቱ መታሰቢያ ቀን ቃል ኪዳኑን የሚያድስ ሰው፣ የተለመዱትን ግዴታዎች ካሟላ፣ የኃጢአት ቅጣት ሙሉ ሥርየት ያገኛል ይላል። ከዚያ ርቆ ሲኬድ ደግሞ የገላስዮስ በሚባለው ጥንታዊ የሮም መጽሐፈ ቅዳሴ «ፓስካ አኖቲና» የሚል የጸሎት ርዕስ ይገኛል። በአምናው ፋሲካ የተጠመቁ ሰዎች ዓመታቸውን የሚያከብሩበት ነበር የሚሉ ሊቃውንት አሉ። የለም፣ የአምናው ፋሲካ የዋለበት ቀን መታሰቢያ ብቻ ነው ብለው የሚሞግቱም አሉ። እኔ ከፊተኞቹ ጋር ነኝ፤ ሰው ለባዶ ቀን አይዘክርም። የፈረንሳዩ ንጉሥ ቅዱስ ሉዊም ዘውድ ከጫኑበት ከሬምስ ይልቅ የተጠመቁበትን ፑዋሲን አስበልጠው፣ «የፑዋሲው ሉዊ» ብለው ይፈርሙ ነበር ይባላል።

እኛ ዘንድ ፈቃዱ ሞልቷል፤ የጠፋው ቀኑ ነው። ለኦርቶዶክስ ጎረቤቶቻችን ሒሳቡ ቀላል ነው፦ ወንድ በአርባ፣ ሴት በሰማንያ። በዘሌዋውያን ምዕራፍ 12 ለወላድ የታዘዘው ቀን ሲደመር ይኸው ነው፤ መጽሐፈ ኩፋሌም አዳም በአርባ፣ ሔዋን በሰማንያ ቀን ገነት ገቡ ይላል። እናት ልደቱን ካወቀች ጥምቀቱን በጣቷ ትቆጥረዋለች። በመቂ ሐዋርያዊ ቪካሪያት ያለነው የላቲን ሥርዓት ተከታዮች ግን ሕጋችን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይጠመቅ ይላል እንጂ ቀን አይቆርጥም። አባ ሲመጡ፣ የክርስትና አባት ሲገኝ፣ ጤፉ ሲገዛ ነው። ስለዚህ ያለህ የቁምስናው መዝገብ ነው። እዚያም ጣሊያናዊው ሚስዮናዊ በፈረንጅ አቆጣጠር ጽፎ፣ ተከታዩ ሐበሻ ካህን በእኛ ከቀጠለ ጉድ ነው፦ 12/5 ሜይ 12 ይሁን ጥር 12፣ ቃና ዘገሊላ፣ በምን ታውቃለህ?

በእኔ ምስክር ወረቀት ላይ ቀኑ ግልጽ ነው፤ ጣጣው ቦታው ነው። «ናዝሬት» ይላል። አንድ መሥሪያ ቤት ይዤው ብሄድ ጸሐፊዋ መታወቂያዬን አየች፣ ወረቀቱን አየች፣ እኔን አየች። «ወንድም፣ እስራኤል ነው እንዴ የተወለዱት?» የሳቀ የለም፤ የምሯን ነበር። አዳማ የሚል ካላመጣሁ እንደማታስተናግደኝ ነግራኝ ቀጣዩን ጠራች።

ቂሜ አልወጣልኝምና ትንሽ ልበልበት። ከኔ ይልቅ ክርስትና የተነሳችው ከተማዋ ናት። ክርስትና አባቷ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ናቸው፤ ጌታ ባደገባት ከተማ ስም ናዝሬት አሏት። እ.ኤ.አ. በ2000 ወደ አዳማነቷ ተመለሰች። ቢሾፍቱም ደብረ ዘይት ተብላ ኖራ ስሟን አስመልሳለች። ዝዋይም ባቱ ሆናለች፤ የእሷ ጉዳይ ግን ከክርስትና አይገናኝም። ስማቸውን ማስመለሳቸው ተገቢ ነው፤ ሲሰየሙ የጠየቃቸው አልነበረም። የሚያበሳጨኝ ሌላ ነው። ቤተ ክርስቲያናችን ጥምቀት አይሻርም፣ አይደገምም ትላለች፤ የከተማዋ ግን በአዋጅ ተሽሮ ጣጣው እኔ ላይ ቀረ። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ረዳቱ ዛሬም «ናዝሬት! ናዝሬት! የሞላ!» እያለ ይጣራል፤ እስራኤል እሄዳለሁ ብሎ የተሳፈረ ሰው አላየሁም።

አከባበሩን በተመለከተ ኬኩ አይዋጥልኝም። ኬክ የልደት ነው፤ ለመታሰቢያ ድፎ ዳቦ አለን፣ ቡና አለን፣ የሚጠራ ጎረቤት አለን። የጥምቀቱ ሻማ ካልጠፋ እሱን ማብራት፣ ጸሎተ ሃይማኖት መድገም፣ እግዚአብሔርን ማመስገን፤ ከዚያ ክርስትና ላነሱን ሰዎች መደወል። የእኔ የክርስትና አባት ሞጆ ናቸው። ዘንድሮ ደውዬ ቀኑን ያስታውሱት እንደሆነ ጠየቅኋቸው።

«እንዴት እረሳዋለሁ!» አሉ። «አባትህ የበጉን ግማሽ ዋጋ እስከ ዛሬ አልሰጠኝም።»