ከማምከኛው ክፍል

ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.
የዓይን ሞራ ዘመቻው ተጀመረ። ከተማዋ ደጋ ናት፣ ከባሕር ወለል 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ። የእኔ ሥራ እንደ ወትሮው ከቀዶ ሕክምናው ክፍል የሚወጡትን መሣሪያዎች አጥቦና አምክኖ መመለስ ነው። የመቀሶቹ ጫፍ ቀጭን ስለሆነ እርስ በርስ ከተጋጩ አለቀላቸው። የጎማ ቆብ አልብሼ ለየብቻ አስተኛቸዋለሁ።

ጥር 15
መብራት ጠፋ፤ ጄኔሬተሩም እምቢ አለ። አንዱ ወጣት «በቃ እናፍላቸዋ» አለ። እዚህ ውሃ የሚፈላው በ91 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ 100 ቢደርስስ የተኛውን ባክቴሪያ መቼ ይገድላል? በጋዝ የምትሠራዋን ትንሿን ኦቶክሌቭ አወጣን። መመሪያዋ ለ121 ዲግሪ 15 ፒኤስአይ ይበቃል ይላል፤ ለቆላ ሰው የተጻፈ ነው። አየሩ በሳሳበት ደጋ በዚያ ግፊት ሙቀቱ 116 ላይ ይቀራል። ግፊቱን ወደ 19 ከፍ አደረግን፤ ደግነቱ ማሽኗ ትችላለች። በመሣሪያው ጥቅል ላይ የሚለጠፈው ቴፕ መስመሩ መጥቆሩ ሙቀት ማግኘቱን እንጂ መምከኑን እንደማያሳይም ለልጁ ደጋግሜ ነገርኩት።

ጥር 17
ቀኑን ካኑላ በላው። ዓይን ውስጥ የሚገባው ዝልግልግ መድኃኒት በቀጭኗ ቱቦ ውስጥ ከደረቀ፣ ቀጥሎ የሚታከመው ሰው ዓይኑ በማግሥቱ ደም ሊለብስ፣ ብሌኑም ሊደፈርስ ይችላል። ጀርም ስላልሆነ እንፋሎት አያድነውም። በደንብ ያልታጠበ ሳሙናም ያው ነው። መፍትሔው መሣሪያው ከሐኪሙ እጅ እንደወጣ፣ ሳይደርቅ፣ በሲሪንጅ ንጹሕ የተጣራ ውሃ ደጋግሞ መግፋት፣ ከዚያ አየር። አሰልቺ ነው።

ተራ የሚጠብቁ አንዲት እናት ጠሩኝ።
«ልጄ፣ ይቺ መቀስ ጎረቤቴንም ነክታለች አሉ።»
«አዎ እማማ። ግን ታጥባ፣ በእንፋሎት ተቀቅላ ነው ወደ እርስዎ የምትመጣው።»
«እንግዲያ ከእኔ እጅ ትጸዳለች!» ብለው ሳቁ።

ጥር 19
ከተላከልን እርዳታ ውስጥ አንዴ ተሠርቶበት የሚጣል ፕላስቲክ ሞልቷል፤ ከግቢው ጀርባ ሲቃጠል ጢሱ እዚህ ድረስ ይገባል። ፕላስቲኩን ካኑላ አጥበን እንድንደግመው የሚመክሩ አሉ። አልስማማም፤ ውስጡ አይጸዳም፤ ሲሆን የብረቱን መግዛት ነው። ሕንድ ያለው አራቪንድ የዓይን ሆስፒታል መሣሪያውን እያመከነ ይደጋግመዋል። በ2017 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ እዚያ አንድ የሞራ ቀዶ ሕክምና የሚለቀው ካርቦን 6 ኪሎ ግራም ያህል ነው፣ ብሪታንያ ውስጥ ከሚለቀው አንድ ሃያኛው። ኢንፌክሽናቸውም አልበዛም።

ለኃላፊው የጻፍኩት ጥያቄ አጭር ነው፤ ተጨማሪ ሁለት የመሣሪያ ሰትና የተጣራ ውሃ። ሰት ሲያንስ በሽተኛው አልጋ ላይ ሆኖ «ቶሎ በሉ» የሚል ድምፅ ይመጣል፣ የምትዘለለውም እጥበቷ ናት።