መንገድ ስንሠራ እግረኛውን ረሳነው

ካፋ በእግሩ የሚኖር አገር ነው። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቆጠራ በዞኑ ከ870 ሺህ በላይ ሰው ተቆጥሮ፣ ከዚያ ውስጥ የከተማ ነዋሪው ከመቶ ስምንት እንኳ አልሞላም። የቀረው በጊምቦ፣ በዴቻ፣ በጨና፣ በአዲዮና በጌሻ ኮረብታና ሸለቆ ተበትኖ የሚያርስ፣ ቡና የሚለቅም፣ ቀፎ የሚሰቅል ሕዝብ ነው። ወደ ገበያ ሲወጣ ቡናውንና ማሩን፣ ቆጮውንና ኮረሪማውን በጀርባው ተሸክሞ ነው። ተማሪው በእግሩ ይሄዳል፤ ነፍሰ ጡሯ በእግሯ ትሄዳለች፤ ታማሚው በቃሬዛ፣ በሰው ትከሻ ይመጣል። ይህን ለማወቅ ጥናት አያስፈልግም፤ በገበያ ቀን በዞኑ ዋና ከተማ በቦንጋ መግቢያ ላይ ቆሞ ማየት ይበቃል።

እንዲህ ላለ አገር መንገድ ሲሠራ ከማን መጀመር ነበረበት? እኛ ከመኪናው ጀመርን፣ በመኪናውም ጨረስን። ከልቤ አልወጣ ያለው ቁጭት ይህ ነው። መንገድ ጨርሶ ሳይሠራልን ቀርቶ ቢሆን ሐዘን ብቻ በሆነ ነበር። መንገድ ግን ተሠርቷል። ገንዘቡ መጥቷል፣ ማሽኑ መጥቷል፣ መሐንዲሱ ካርታውን ዘርግቷል፤ መሬቱም ገና ቤት ሳይቆምበት በእጃችን ነበር። ዕድሉ ደጋግሞ መጣ፤ እኛም ደጋግመን አባከንነው።

መጀመሪያ ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ ያሉትን ዓመታት አስቡ። ቦንጋ ያኔ ትንሽ ከተማ ነበረች፤ በዚያው ቆጠራ ነዋሪዋ 20,858 ነበር። ኮብልስቶን በአገሪቱ ከተሞች የተስፋፋው በዚያ ዘመን ነው። ሥራ አጥ የነበረው ወጣት ድንጋይ ጠርቦና አንጥፎ እንጀራ አገኘ፤ ጭቃ ሲያቦካ የኖረው ሰፈርም ውስጥ ለውስጥ መንገድ አየ። ገጠሩም ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ ቀበሌን ሁሉ ከዋና መንገድ አገናኛለሁ ብሎ የተነሳ የገጠር መንገድ ፕሮግራም መጣለት። እነዚህን ሥራዎች አላጣጥልም፤ ብዙ ችግር አቃልለዋል። ነገር ግን ድንጋዩ ሲነጠፍ የመንገዱ ስፋት የተለካው በመኪና ነው። ከግራና ከቀኝ ለእግረኛ ሁለት ሁለት ሜትር ይተውለት፣ ቦዩ ክዳን ይደረግለት፣ ዳገቱ ላይ ደረጃ ይሠራ የሚል ሰው አልተገኘም። የውሃ መውረጃው ቦይ አፉን እንደከፈተ ቀረ፤ ነዋሪው ከደጁ ለመሻገር ግንድ ወይም ሳንቃ ጣለበት። አጥሩ ወደ መንገዱ ገፋ፣ ሱቁ በረንዳውን አስረዘመ፤ ያ ሁለት ሜትር ማንም ሳይወስንበት በሁሉም ተበላ።

ያንን ሁለት ሜትር ያኔ ለማስቀረት ስንት ብር ይጠይቅ ነበር? መሬቱ የመንግሥት ነው፤ አብዛኛውም ባዶ ነበር። መሪ ፕላኑ ላይ መስመር ማስመርና መስመሩን ማስከበር ብቻ ይበቃ ነበር። ዛሬ ያንኑ ሁለት ሜትር ለማስመለስ ግንብ ይፈርሳል፣ ካሳ ይከፈላል፣ የመብራት ምሰሶና የውሃ ቧንቧ ይነሳል፤ ደንበኛ ያፈራ ነጋዴም ከቦታው ይነቀላል። በነፃ የነበረንን ነገር በውድ ለመግዛት ተገደድን።

አስፋልቱም እንዲሁ ነው። ከጅማ ተነስቶ የጎጀብን ወንዝ ተሻግሮ፣ በቦንጋ በኩል ወደ ሚዛን የሚዘልቀው መንገድ ለካፋ ትልቅ በረከት ነው። ድሮ ጭነት መኪና ጭቃ ውስጥ ተውጦ የሚያድርበት መስመር ዛሬ ቡናውን ወደ ማዕከል፣ ታማሚውን ወደ ጅማ ያደርሳል። ሆኖም ከከተማ ወጣ እንዳሉ መንገዱን በእግሩ የሚሄደውን ሰው እዩት። ማገዶ የተሸከመችው ሴት፣ ከትምህርት ቤት የተለቀቀው ልጅ፣ በግ የሚነዳው ገበሬ፣ ወደ ዉሽዉሽ ሻይ እርሻ የሚመላለሰው ሠራተኛ ሁሉ የአስፋልቱን ጠርዝ ይዘው ነው የሚሄዱት። ጉም በወረደበት ጠዋት፣ ኩርባ ላይ፣ ከኋላ የሚመጣው መኪና በምን ፍጥነት እንደሚመጣ አያውቁም። አዲስ አበባ ውስጥ በትራፊክ አደጋ ከሚሞቱት አብዛኞቹ እግረኞች ናቸው። በዋና ከተማ እንዲህ የሆነ፣ መንገዱ ዳር መሸሻ በሌለው ገጠር የተሻለ ይሆናል ብሎ ማሰብ ራስን ማታለል ነው። አፈሩ እየተቆረጠ፣ ድልዳሉ እየተጠቀጠቀ ሳለ ከቦንጋ እስከ ዉሽዉሽ፣ ከቦንጋ እስከ ጊምቦ ከጎን ለእግርና ለብስክሌት የሚሆን ጠባብ መስመር መጨመር ከጠቅላላው ወጪ ትንሹ ክፍል በሆነ ነበር። ሥራው ካለቀ በኋላ ግን ራሱን የቻለ ፕሮጀክት ይሆናል፤ ራሱን የቻለ በጀትም ይፈልጋል፤ በጀቱም አይመጣም።

በ2002 ዓ.ም. ደግሞ ዓለም ወደ እኛ ዞረ። ዩኔስኮ የካፋን ደን ከያዩ ደን ጋር በባዮስፌር ሪዘርቭነት መዘገበው። የቡና መገኛ ነን እያልን በየመድረኩ ስንናገር የኖርነውን ነገር ሌላው ዓለም አምኖ ተቀበለ። ወደዚህ ደን የሚመጣ እንግዳ መኪና ውስጥ ቁጭ ብሎ ሊያየው አይመጣም። ማኪራ ድረስ ሄዶ ከዛፍ ሥር የበቀለውን ቡና ለመንካት፣ የባርታን ፏፏቴ ለመስማት፣ በተፈጥሮ የተሠራውን የእግዜር ድልድይ ለመርገጥ ነው የሚመጣው። ጫካው ውስጥ ለጎብኚ የሚሆኑ ዱካዎች ተከፍተዋል። ከተማዋ ግን ከዱካዎቹ ጋር አልተያያዘችም። ከቦንጋ ቡና ሙዚየም ተነስቶ፣ ገበያውን አቋርጦ፣ የዛፍ ጥላ ባለበት የእግር መንገድ ሳይቋረጥ ወደ ሸለቆው የሚያወርድ መስመር ቢኖር፣ ጠዋት ጎብኚውን፣ ቀን ተማሪውን፣ ማታ ሽማግሌውን ባገለገለ ነበር። እንግዳው በእግሩ በሄደ ቁጥር ቡና ከምታፈላው ሴት ደጅ ይቆማል፣ ማር ከሚሸጠው ልጅ ይገዛል። በመኪና ያለፈ እንግዳ ግን ገንዘቡን ለሆቴሉ ብቻ ትቶ ይሄዳል።

ከዚያ በኋላ «አላወቅንም ነበር» የምንልበት ጊዜ አበቃ። በ2012 ዓ.ም. የትራንስፖርት ሚኒስቴር ሞተር አልባ ትራንስፖርትን የሚመለከት የአሥር ዓመት ብሔራዊ ስትራቴጂ ይፋ አደረገ። እግረኛና ብስክሌተኛ ይቅደሙ የሚለው አሳብ የጥቂት ተቆርቋሪዎች ምኞት መሆኑ ቀርቶ የመንግሥት ሰነድ ሆነ። ኅዳር 14 ቀን 2014 ዓ.ም. የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ተመሠረተ፤ ቦንጋም የአስተዳደር መቀመጫው ሆነች። አንዲት የዞን ከተማ በአንድ ጀንበር የክልል ከተማ ስትሆን፣ ፕላኗን እንደገና የምትጽፍበት ጊዜ መጣ ማለት ነው። ስትራቴጂው ጠረጴዛ ላይ ነበር፤ ሕዝቡ በደስታ ያዘዙትን ለመሥራት ተዘጋጅቶ ነበር። የእኛ ወሬ ግን ስለ ቢሮና ስለ መኪና ሆነ። ቢሮ መጣ፣ ሠራተኛ መጣ፣ ባጃጁና ሞተሩ በየዳገቱ በዛ። የእግረኛው ድርሻ የነበረችው ጠርዝ ደግሞ ባጃጅ ማቆሚያ ሆነች።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ነገሩ ይቻል እንደነበር ያመንነው ሌሎች ሠርተው ካሳዩን በኋላ ነው። በ2016 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተጀመረው የኮሪደር ልማት ሰፊ የእግረኛ መንገድና የብስክሌት መስመር ይዞ መጣ፤ ወደ ክልል ከተሞችም ወረደ። ከእንግዲህ «በእኛ አገር አይሆንም» የሚል አፍ ተዘግቷል። ይህ ግን ቁጭቴን አላበረደውም። በልማቱ የፈረሱት ብዙዎቹ ግንቦች ያኔ መስመሩ ተከብሮ ቢሆን ኖሮ ባልተገነቡ ነበር። የሚያምረው መንገድም በዋናው አደባባይ ዙሪያ ቀርቶ፣ ከገበያው ወደ ሰፈሩ፣ ከሰፈሩ ወደ ትምህርት ቤቱ፣ ከትምህርት ቤቱ ወደ ጤና ጣቢያው የሚወስደው መንገድ ጭቃና ክፍት ቦይ እንደሆነ ካለ፣ እግረኛው በጥቂት ሜትር ደስ ብሎት ቀሪውን እንደ ወትሮው ይሰቃያል።

ድህነትን ምክንያት አድርጎ የሚያቀርብ ሰው ሲያጋጥመኝ የቦጎታን ነገር አነሳለታለሁ። የኮሎምቢያ ዋና ከተማ ከንቲባ የነበረው ኤንሪኬ ፔኛሎሳ እ.አ.አ. ከ1998 እስከ 2000 ባለው ጊዜ በከተማዋ ድሃ ሰፈሮች መካከል ከ15 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ የእግረኛና የብስክሌት ጎዳና አሠራ። የመኪናው መንገድ አፈርና ጭቃ እንደሆነ ቆይቶ ንጣፉ መጀመሪያ ለእግረኛው ደረሰ። ገንዘቡ ለሁለቱም ስላልበቃ ብዙኃኑን አስቀደመ። እኛ በዚያው ዓይነት እጥረት ውስጥ ሆነን ጥቂቶቹን አስቀደምን።

ገጠሩን ለሚያነሳልኝ ደግሞ ኒካራጓ አለች። በጎርፍ ከገበያ በሚቆራረጡ መንደሮች ላይ የእግረኛ ድልድይ ሲሠራ፣ የመንደሩ ሰዎች በቅጥር ሥራ የሚያገኙት ገቢ በ36 በመቶ፣ የእርሻ ትርፋቸው በ75 በመቶ ማደጉን እ.አ.አ. በ2020 የታተመ ጥናት አሳይቷል። መኪና የማያልፍበት፣ ሰው ብቻ የሚሻገርበት ድልድይ ያመጣው ለውጥ ነው። በካፋ ክረምት ወንዝ ሞልቶ ገበሬው ቡናውን ይዞ ከማዶ ሲቆም፣ ተማሪው ከትምህርት ሲቀር፣ ምጥ የያዛት ሴት ውሃው እስኪጎድል ስትጠብቅ ለማያውቅ ሰው ይህ አኃዝ ብቻ ሊመስለው ይችላል። ለምናውቀው ግን በየዓመቱ ያጣነው ገንዘብ፣ ያጣናቸውም ሰዎች ናቸው።

ስለ ብስክሌት ደግሞ የሕንድን አብነት እንውሰድ፤ በቢሃር ግዛት እ.አ.አ. በ2006 ዘጠነኛ ክፍል ለገቡ ልጃገረዶች ብስክሌት መግዣ ገንዘብ መስጠት ተጀመረ። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚገቡት ልጃገረዶች ቁጥር በ32 በመቶ ከፍ አለ። ችግሩ ርቀት ነበር፤ ርቀቱ ሲያጥር ልጅቷ ተማረች። በካፋም ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ከሩቅ ቀበሌ ልጅ በጣም ይርቃል። ልጅቷ ወይ ከተማ ቤት ተከራይታ ቆጮ ከቤት እየተላከላት ትማራለች፣ ወይ መንገዱን ትመላለሳለች፣ ወይም ታቆማለች።

ቦንጋ ዳገት ናት፣ ብስክሌት እንደ ሐዋሳና እንደ ባሕር ዳር አይመቻትም የሚለው እውነት አለው። ስለዚህ ነው በቦንጋ ቅድሚያው ለእግር መሆን የነበረበት። ዳገት ላይ የሚሠራ ጥሩ ደረጃ፣ መደገፊያ ብረት፣ ከጎኑ ብስክሌት ወይም ጋሪ የሚገፋበት ጠባብ መስመር፣ ዝናብ ሲጥል የማያንሸራትት ንጣፍ፣ ማታ የሚያበራ መብራት፤ ይህ ሁሉ የሚሠራው በአገር ድንጋይና በአገር ልጅ እጅ ነው፣ ዶላር አይጠይቅም። ብስክሌቱ ደግሞ ዳገቱ በማይበዛበት መስመር፣ ነገም በኤሌክትሪክ ታግዞ ይመጣል። ለመኪናው ነዳጅ ግን አገሪቱ በየዓመቱ በቢሊዮን የሚቆጠር ዶላር ትከፍላለች።

የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም እ.አ.አ. በ2016 አገሮች ከትራንስፖርት በጀታቸው ቢያንስ 20 በመቶውን ለእግርና ለብስክሌት እንዲያውሉ ጠይቆ ነበር። ሕዝቡ ከሞላ ጎደል ሁሉ እግረኛ በሆነበት ዞን 20 በመቶ እንደ ችሮታ ሊታይ አይገባውም። እኛ ግን ያችንም አልጠየቅንም። ምሁሩ አልጠየቀም፣ ነጋዴው አልጠየቀም፣ በየስብሰባው እጅ የሚያወጣው ሰውም አስፋልት እንጂ የእግር መንገድ ብሎ አልጠየቀም። የመንገድ ክብር በመኪና ይለካል ብለን ስላመንን፣ በእግሩ የሚሄደውን የገዛ ወገናችንን ከመንገድ ተጠቃሚ አልቆጠርነውም።

ያለፈው መሬት ተይዟል፤ ቁጭት አያስመልሰውም። ነገር ግን የቦንጋ ዳርቻ ገና እየተሸነሸነ ነው፤ ዋቻ፣ ጭሪ፣ ሺሺንዳና ካካ ገና እየሰፉ ነው፤ ድልድይ የሚጠብቁ ወንዞችም አሉ። እዚያ ዛሬ የሚሰመረው እያንዳንዱ መስመር ለሃምሳ ዓመት የሚጸና ውሳኔ ነው። መስመሩ ሲሰመር ለእግረኛው ሁለት ሜትር ይቅደምለት፤ ከዚያ የተረፈው ለመኪና ይሁን። ቦንጋ ላይ የሠራነውን ስህተት በእነዚህ ከተሞች ከደገምነው፣ ልጆቻችን እንደ እኛ አይቆጩም፤ እኛን ይወቅሳሉ፤ ወቀሳቸውም ተገቢ ይሆናል።