«ኢንሻአላህ ነው ወይስ እውነት?»



ሰሞኑን ከዒሻ ሶላት በኋላ እዚሁ ሐሙሲት መስጂዱ በር ላይ ቆመን ሳለ፣ አንድ ወጣት እየሳቀ ስልኩን አሳየን። ለ12ኛ ክፍል ፈተና ወደ ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ ሊሄድ ሲሰናዳ ጓደኛው በእንግሊዝኛ «ብሬክ ኤ ሌግ» ብሎ ጽፎለታል። እናቱ ትርጉሙን ብትጠይቀው «እግርህን ስበር» አላት። «አዑዙ ቢላህ! ማነው ልጄን የሚራገመው?» ብላ ጮኸች።

እውነቷን ነው፤ በእኛ አገር «እግርህን ይስበረው» እርግማን ነው። በእንግሊዝኛ ግን መድረክ ላይ ሊወጣ ላለ ተዋናይ የሚባል የመልካም ምኞት ፈሊጥ ነው፤ ለተፈታኝም ይሉታል።

ሳቅን። ወደ ቤት ስንሄድ ግን ነገሩ አልለቀቀንም። ክፉ ቃል በአጠቃቀም ምርቃት ከሆነ፣ መልካም ቃልስ በአጠቃቀም ምን ይሆናል?

የራሳችን ጥፋት ትዝ አለን። አንድ የታመሙ አባት «መጥታችሁ ቁርኣን ቅሩልኝ» ቢሉን «ኢንሻአላህ» አልናቸው። እንደማንሄድ ልባችን ያውቅ ነበር፤ እምቢ ማለት ከብዶን ነው። ከቀናት በኋላ የልጅ ልጃቸው መንገድ ላይ አግኝቶን «ኡስታዝ፣ ነገ ይመጣሉ?» አለን። «ኢንሻአላህ» አልነው። ቀና ብሎ አየንና «ኢንሻአላህ ነው ወይስ እውነት?» አለን።

ልጁ ፈሊጡን የተማረው ከእኛ ነው።

ሌላውም ዓለም ተምሮታል። እ.ኤ.አ. በ2020 በተደረገው የአሜሪካ ፕሬዝዳንታዊ ክርክር፣ ትራምፕ የግብር ሰነዱን ወደፊት ታያላችሁ ሲል ባይደን «መቼ? ኢንሻአላህ?» ብሎ አሾፈበት። «መቼም አይሆንም» ማለቱ ነበር።

በሱረቱል ካህፍ 23ኛውና 24ኛው አንቀጽ ግን አላህ ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ያስተማራቸው ስለ ነገ ሲናገሩ ፈቃዱን እንዲያስታውሱ ነው። ቃሉ የቆረጠ ሰው ቃል ነው፤ አስቦ፣ ወስኖ፣ ከአቅሙ በላይ የሆነውን ለጌታው የሚተው ሰው።

ወንድሞችና እህቶች! ዱቤ ሲጠየቅ፣ ልብስ ሰፊው ሲቀጥር፣ ለሰርግ ስንጠራ፣ የማናደርገውን «አልችልም፣ ዐፍው በሉኝ» እንበል። ያሳፍር ይሆናል እንጂ የአላህን ስም ለውሸት መሸፈኛ ከማድረግ ይሻላል።

በማግስቱ ሄድን። ሽማግሌው ለምን ዘገያችሁ አላሉንም። ልጁ ግን በሩን ሲከፍትልን «እውነት ነበር!» ብሎ ወደ ውስጥ ሮጠ።

አላህ ቃላችንንና ተግባራችንን አንድ ያድርግልን። አሚን!