ግሬትና ግሪን፦ ስሟ ከራሷ የገነነ መንደር

በዚህ ጽሑፍ ይዘናችሁ የምንጓዘው ወደ አንዲት የስኮትላንድ መንደር ነው። ከእንግሊዟ የካርላይል ከተማ ተነስቶ ወደ ሰሜን የሚያቀና መንገደኛ 16 ኪሎ ሜትር ያህል እንደተጓዘ ሳርክ የምትባል ትንሽ ወንዝ ያገኛል። ወንዟ የሁለቱ አገሮች ድንበር ናት። ከወንዟ ማዶ፣ ብዙም ሳይርቅ፣ ግሬትና ግሪን አለች።

እንግሊዞች «ግሬትና ግሪን ሄዱ» ሲሉ የጉዞ ወሬ ማውራታቸው አይደለም፤ ወንድና ሴት ከወላጅ ተደብቀው፣ ኮብልለው ተጋቡ ማለታቸው ነው። «የግሬትና ግሪን ሠርግ» ካሉም የችኮላና የድብቅ ጋብቻ ማለት ነው። ደራሲዋ ጄን ኦስተን እ.ኤ.አ. በ1813 ባሳተመችው «ፕራይድ ኤንድ ፕሬጁዲስ» በተባለው ልቦለድ ውስጥ፣ ሊዲያ የተባለችው ልጅ ከአንድ መኮንን ጋር ስትኮበልል በተወችው ደብዳቤ ላይ ይህንኑ ስም ትጠቅሳለች። ተጨማሪ ማብራሪያ አላስፈለገም፤ አንባቢው ስሙን እንዳየ ነገሩ ይገባዋል። ስሙ ባሕር ተሻግሮም በአሜሪካ ሜሪላንድ ለምትገኘው፣ የችኮላ ተጋቢዎች ይጎርፉባት ለነበረችው ለኤልክተን ከተማ ቅጽል ሆኗል።

ለመሆኑ አንዲት መንደር ይህን ስም እንዴት አተረፈች? ምክንያቱ ሕግ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1754 ጀምሮ በእንግሊዝ ከ21 ዓመት በታች የሆነ ሰው ያለ ወላጅ ፈቃድ በሕግ እንዳያገባ የሚከለክል ሕግ ሥራ ላይ ዋለ። ስኮትላንድ ግን በዚህ ሕግ አልተገዛችም። በዚያ ወንዱ 14፣ ሴቷ 12 ዓመት ከሞላቸው፣ በምስክሮች ፊት «ተጋብተናል» ማለታቸው ይበቃ ነበር። ስለዚህ ፈረስ ጋሪው ሁሉ ወደ ድንበር ይሮጥ ጀመር። ተጋቢዎቹ በብረት ቀጥቃጭ ቤት መስፍ ፊት ይቆሙ ስለነበር መስፉ የመንደሯ ምልክት ሆነ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እናስተውል። «ሄዱ» የሚለው ቃል ሁለቱም ወደውና ፈቅደው የተጓዙ ያስመስላል። የኤለን ተርነር ታሪክ ግን ሌላ ነው። ኤለን የሀብታም ሰው አንድያ ልጅ፣ የ15 ዓመት ተማሪ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1826 ኤድዋርድ ጊበን ዌክፊልድ የተባለ ሰው «እናትሽ ታማለች» በሚል የሐሰት መልእክት ከትምህርት ቤቷ አስወጣት። ቀጥሎም አባቷ ከኪሳራ የሚድነው እርሱን ብታገባ መሆኑን አሳምኖ ግሬትና ግሪን ወስዶ አገባት። በተከታዩ ዓመት ዌክፊልድ ሦስት ዓመት እስራት ተፈረደበት፤ ጋብቻውንም ፓርላማው ሻረው። ኤለን «ሄደች» ሳይሆን «ተወሰደች» ነበር መባል ያለበት።

በኒካሕ ወልይ የሚቆመውም፣ የልጅቷ ፈቃድ የሚጠየቀውም ከንቱ ሥርዓት ሆኖ አይደለም። ያለ ጠባቂ የቀረች ልጅ ትታለላለች፤ ፈቃዷ ያልተጠየቀ ልጅም ትበደላለች።

የስኮትላንድም ሕግ ቆይቶ ጠበቀ። እ.ኤ.አ. በ1856 ከተጋቢዎቹ አንዱ አስቀድሞ ለ21 ቀን በስኮትላንድ እንዲኖር ተደነገገ። እ.ኤ.አ. በ1940 ደግሞ በቃል ብቻ የሚፈጸመው ጋብቻ ጨርሶ ቀረ። ዛሬ በአሮጌው የቀጥቃጭ ቤት ሊጋባ የሚመጣው ሰው ብዙ ቢሆንም፣ አስቀድሞ ለመዝጋቢው ማስታወቅና ሰነድ ማቅረብ አለበት፤ ብዙዎቹም ወላጆቻቸውን ይዘው ይመጣሉ።

ወላጆችና ወጣቶች ሆይ! እኛም አገር ስለ አንዲት ልጅ «ኮበለለች» ሲባል እንሰማለን። ወሬውን ተቀብለን ከማስተላለፋችን በፊት ሄዳ ነው ወይስ ተወስዳ ብለን እንጠይቅ። ሄዳም ከሆነ ከቤት ምን እንዳስወጣት መጠየቅ የኛው ፋንታ ነው።