ነርስ ደስታዋን የምታገኘው በየትኛው ክፍል ነው?

በሠራተኞች አስተዳደር ጠረጴዛ ላይ ከተቀመጥን እነሆ ዘጠኝ ዓመት ሆነን። በእጃችን የሚያልፈው ጉዳይ አብዛኛው የሐኪም ቤት ሠራተኞች ቅጥር፣ ዕረፍትና ዝውውር ነው። ዘወትር ከወረቀት ጋር የሚውል ሰው ወረቀቱን እንጂ የጻፈውን ሰው ማየት ይረሳል። እኛም ረስተን ነበር፤ ዛሬ ለአንባቢዎቻችን የምናቀርበውም ይህንኑ የራሳችንን ጥፋት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በቀዶ ጥገና ክፍል ሰባት ዓመት ያገለገለች አንዲት ነርስ ወደ ሌላ ክፍል እንድትዛወር ሦስት ጊዜ አመለከተች። በሦስተኛው ማመልከቻዋ ላይ ያሰፈረችው ምክንያት አጭር ነበር፤ ይኸውም «በሽተኛው አንድ ሁለት ቃል ተናግሮ ይተኛል፤ ሲነቃ እኔ የለሁም» የሚል ነው። የቀዶ ጥገና ክፍል ብዙዎች የሚመኙት፣ የተከበረ ቦታ ስለ ሆነ ነገሩን እንደ ቅብጠት ቆጠርነው። በማመልከቻው ግርጌም «ምክንያቱ በቂ ሆኖ ስላልተገኘ አልተፈቀደም» ብለን ጽፈን ፈረምንና ወደ መዝገብ ቤት መለስነው። ያን ቀን ምሳችንን ያለ አሳብ በላን።

ከጥቂት ወራት በኋላ አባታችን በጠና ታመሙ። ከአገር ቤት አምጥተን በአንድ ሐኪም ቤት አስተኛናቸውና ሃያ ሦስት ሌሊት በአልጋቸው አጠገብ አደርን። አባታችን ከትግርኛ በቀር ሌላ ቋንቋ አይናገሩም፤ ቀን እኛ ወደ ሥራ ስንሄድ የምትጠብቃቸው ነርስ ደግሞ ትግርኛ አታውቅም ነበር። በአራተኛው ቀን ግን «ከመይ ሓዲርኩም?» እያለች ስትገባ አየናት። ከእኛ የጠየቀቻቸውን ቃላት፣ «ማይ» ውሃ፣ «ቃንዛ» ሕመም እያለች በቁራጭ ፕላስተር ላይ ጽፋ በኪሷ ላይ ለጥፋቸው ነበር። አባታችንም ከዚያ ቀን ጀምሮ «ጓለይ» ማለትም «ልጄ» እያሉ ይጠሯት ጀመር።

ነርስ የሚለው ቃል ከውጭ መጥቶ በአማርኛ ቤተኛ ሆኗል፤ ቀድሞ የነበረው ቃል ግን «አስታማሚ» ነው። በትግርኛ «ኣላዪት» እንላለን፤ የምትንከባከብ፣ የምትጠብቅ ማለት ነው። የአማርኛው ቃል የተወለደው «ታመመ» ከሚለው ግስ ነው። በልጅነታችን በሚሲዮን ትምህርት ቤት አማርኛ ስንማር ይህን ቃል ከሌሎች ቃላት ጋር በቃላችን አጠናነው እንጂ ምን እንደሚል አልጠየቅንም። ትርጉሙን የተማርነው በአባታችን አልጋ አጠገብ ነው፤ አስታማሚ ማለት ከታመመው ሰው ጋር ሕመሙን አብሮ የሚያሳልፍ ማለት መሆኑ ያን ጊዜ ገባን።

ሌሊቱ ረጅም ስለ ነበር በየክፍሉ የሚሠሩት ነርሶች ሻይ ሊጠጡ ሲወጡ እናነጋግራቸው ነበር። አንድ ጥያቄ ብቻ ለሁሉም አቀረብን፤ «ከሥራችሁ ደስ የሚላችሁ ምንድን ነው?» አልናቸው። የተሰጠን መልስ አንድ ዓይነት አልነበረም።

የቀዶ ጥገናው ነርስ የሚወደው ቆጠራውን ነው። ከሥራው በፊት መሣሪያውና የደም መጥረጊያው ጨርቅ ይቆጠራል፤ ቁስሉ ከመሰፋቱ በፊትም እንደገና ይቆጠራል። «ሁለቱ ቁጥሮች ሲገጥሙ ልቤ ያርፋል፤ ሌላ ምስጋና አልፈልግም» አለን። አዋላጅዋ ነርስ ደግሞ ደስታዋን ለመጠበቅ ትዕግሥት እንደሌላት ሳትደብቅ ነገረችን፤ የድካሟን ፍሬ ሳይነጋ በእጇ ታቅፈዋለች፤ ኀዘን የመጣ ሌሊትም ኀዘኑ የዚያኑ ያህል ፈጣንና ከባድ ነው። ያለ ጊዜያቸው የተወለዱትን ሕፃናት የምትጠብቀው ነርስ ደስታዋን የምትለካው በግራም ነው፤ ሕፃኑን ከእናቱ ደረት ላይ ቆዳ ለቆዳ አስጠግታ ታስራለች፤ ሚዛኑ ከትናንቱ ሃያ ግራም ሲጨምር ቀኑ በዓል ይሆንላታል። ቀድሞ በጤና ጣቢያ ክትባት ትሰጥ የነበረችው ደግሞ «የእኔ ፍሬ የማይታይ ነው፤ በኩፍኝ ያልታመመ ልጅ መጥቶ አያመሰግነኝም፤ እኔ ግን ሲሮጥ አየዋለሁ» አለችን።

ከዚህ የተረዳነው፣ የነርስነት ሥራ በስም አንድ ይሁን እንጂ ደስታው በየክፍሉ የሚከፈልበት ቀን ልዩ ልዩ መሆኑን ነው። አንዱ በሰዓት፣ አንዱ በወር ይከፍላል፤ አንዱም ፈጽሞ በማይታይ ገንዘብ ይከፍላል። ስለዚህ ክፍሎችን በክብር ማበላለጥ ስሕተት ነው፤ ሊጠየቅ የሚገባው ይህች ነርስ የትኛውን ፍሬ ለመጠበቅ ትችላለች የሚለው ነው።

በአገራችን ታሪክም ይህን የሚመስል ነገር አለ። ልዕልት ፀሐይ በስደት ዘመን በለንደን ሲማሩ በመጀመሪያ የመረጡት የሕፃናትን ነርስነት ነው፤ ትምህርቱንም በግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሐኪም ቤት በ1931 ዓ.ም. ፈጸሙ። በ1934 ዓ.ም. በነቀምቴ ያረፉት ገና በወጣትነት ነበር። በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅም ከጤና መኰንኖች ጋር የኅብረተሰብ ነርሶችን ያሠለጠነው፣ ሥራቸው ከአልጋ አጠገብ ሳይሆን በየቀበሌውና በየቤቱ እንዲሆን ነው። በ1967 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተከፈተው የፊስቱላ ሆስፒታል ደግሞ ቀድሞ በዚያው የታከሙ ሴቶች ረዳት ነርሶች ሆነው አዲስ የመጡትን ያስታምማሉ። የሌላዋን ሕመም ከራሳቸው ስለሚያውቁ ለዚያ ሥራ ከእነርሱ የሚሻል ማን ሊገኝ ይችላል?

አባታችን ተሽሏቸው በእግራቸው ከሐኪም ቤት ሲወጡ ለነርሷ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አሏት። ይህን የአማርኛ ቃል ከእርሷ ለመማር ሃያ ሦስት ቀን ፈጅቶባቸዋል።

ወደ ቢሯችን በተመለስን ጊዜ በጠረጴዛችን ላይ ካገኘናቸው ወረቀቶች አንዱ የዚያች የቀዶ ጥገና ነርስ የሥራ መልቀቂያ ነበር። «ልብ ካላየ ዐይን አያይም» እንዲሉ፣ አሮጌውን ማመልከቻ ከመዝገብ ቤት አስወጥተን የገዛ ፊርማችንን ስናይ አፈርን። በማግሥቱ ጠርተን አስቀመጥናትና ቀድሞ ልንጠይቃት የሚገባንን ጠየቅናት፤ በየትኛው ክፍል ብትሠራ ደስ እንደሚላት። «በአእምሮ ሕሙማን ክፍል» ብላ መለሰች። ይህ ክፍል ብዙዎች የሚሸሹት ስለ ሆነ ተተኪ እስኪገኝላት ሁለት ወር ታገሠችን፤ ከዚያም ተዛወረች። ጓደኞቿ ግን ከማዕርጓ እንደ ወረደች ቈጥረው አዘኑላት።

የሁሉንም ፈቃድ ለመፈጸም እንደማይቻል እናውቃለን፤ የሌሊቱም ተራ፣ የከባዱም ክፍል ሰው ይፈልጋል። ደግሞም የልብ ደስታ የደመወዝ ምትክ አይደለም፤ ሠራተኛዋን «ሥራሽን ትወጂዋለሽ» እያሉ ተገቢውን ክፍያና ዕረፍት መንፈግ ነውር ነው። ቢሆንም መጠየቅ ገንዘብ አያስወጣም። ከእርሷ በፊት መልቀቂያ ሲያቀርቡ ያለ አንዳች ጥያቄ ፈርመን ያሰናበትናቸው ነርሶች ጥቂት አይደሉም፤ ለእነርሱ ይህ አሳብ ዘግይቷል።

ከስድስት ወር በኋላ ለሌላ ጉዳይ ወደዚያ ሐኪም ቤት ሄደን በመተላለፊያው አገኘናት። እንዴት ነሽ ብንላት አንድ ነገር ነገረችን። ከገባ ጀምሮ ለሳምንታት ከማንም ጋር ያልተነጋገረ በሽተኛ ነበረ፤ በየጠዋቱ ሰላምታ እየሰጠችው፣ ከጎኑ እየተቀመጠች፣ መልስ ሳትጠብቅ ትነሣ ነበር። በዚያ ሳምንት አንድ ቀን ጠዋት ቀና ብሎ አያትና «ሲስተር፣ ስምሽ ማን ነው?» አላት።

ይህን ነግራን መድኃኒት የምትሰጥበት ሰዓት ደርሶ ስለ ነበር ቸኩላ ሄደች።