የአባቴ የግብር ደረሰኞች

ታኅሣሥ 1982 ዓ.ም. ከኩርሙክ ሸሽተን ስንወጣ አባቴ ዱቄቱን ትቶ የግብር ደረሰኞቹን በጨርቅ ጠቅልሎ ደረቱ ላይ አሰረ። እናቴ ታናሽ ወንድሜን አዘለች። እኔ ቅልና ጀሪካን ያዝኩ።

ለተኩስ እንግዳ አልነበርንም። ኩርሙክ ሁለት ናት፤ አንዷ የኢትዮጵያ፣ አንዷ የሱዳን፤ መካከላቸው በበጋ የሚደርቅ ወንዝ አለ። ምኒልክና እንግሊዞች ግንቦት 7 ቀን 1894 ድንበሩን ሲፈራረሙ የበርታ ሕዝብ በሁለቱም ወገን ነበር፤ ዛሬም አለ። ኅዳር 1980 የሱዳን አማፅያን የማዶዋን ኩርሙክ ሲይዙ፣ በሚቀጥለውም ወር የካርቱም ጦር ሲያስለቅቃቸው፣ የአክስቴ ልጆች እኛ ዘንድ ተጠግተው ነበር። በ1982 ተራው የእኛ ሆነ።

ወደ ደቡብ ምሥራቅ ሄድን፤ የምንሄደው ሌሊት ነው። ደረቅ ወንዝ ስናገኝ አሸዋውን እስከ ክርናችን እንቆፍርና እንጠብቃለን። መጀመሪያ ታችኛው አሸዋ ይረጥባል፤ ቆይቶ የደፈረሰ ውሃ ያቁራል። በቅል እየጨለፍን በእናቴ ቶብ እናጠልለዋለን። ቀዳሚው ጉንጭ የሕፃኑ ነበር። አሶሳ ገብተን እናርፋለን ስንል ጦርነቱ ቀደመን፤ እሷም በታጣቂዎች እጅ ገባች። ከዘመድ ዘመድ ስንንከራተት ወንድሜ ሞተ። የገደለው ጥይት አይደለም፤ ተቅማጥ ነው።

ስንመለስ ጎተራችን ተቃጥሏል። ከአመዱ ሥር ያልነደደ ማሽላ ለቅመን ፈጨን፤ ገንፎው ጭስ ጭስ ይላል።

ደረሰኞቹን ተረጋግቼ ያየሁት ያኔ ነው። አያቴ በአሶሳው ገዥ በሼህ ሆጀሌ አል ሐሰን ዘመን የሚገብረው አጥቦ ያወጣውን ወርቅ ስለነበር ከሱ የተረፈ ወረቀት የለም። የአባቴ የንጉሡ ዘመን ደረሰኞች «ወለጋ ጠቅላይ ግዛት፣ አሶሳ አውራጃ» ይላሉ። በ1980 ደርግ አሶሳን ራሷን የቻለች የአስተዳደር አካባቢ አደረጋት። በ1984 ክልል 6 ተባልን፤ በጎጃም ሥር የኖረው መተከልም ከእኛ ጋር ሆነ። ከዚያ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ቤኒሻንጉል ጉሙዝ አለን።

አባቴ መታወቂያ ሊያወጣ ሲሄድ አንድ ጸሐፊ ደረሰኞቹን አገላብጦ «አባባ፣ ይሄ እኮ የወለጋ ነው፤ የሌላ ክልል» አለው። ያን ሁሉ መንገድ ደረቱ ላይ ያዞረው ወረቀት አልረዳውም፤ ኩርሙክ መወለዱን ሽማግሌዎች መሰከሩለት።

ክልል መሆናችንን አላቃልልም። በርታ፣ ጉሙዝ፣ ሺናሻ፣ ማኦ፣ ኮሞ ተብሎ በሕግ ተጽፎ ማየት ለአባቴ ትውልድ ትልቅ ነገር ነበር። በዚያ የሽሽት በጋ ግን ያበላን ዘመድ ነው።

ሚያዝያ 2015 ካርቱም ላይ ጦርነት ሲነሳ በኩርሙክ በኩልም ስደተኛ መግባት ጀመረ። መዝጋቢዎች ዜግነት ይጠይቃሉ፤ ሥራቸው ነው። የአክስቴ ልጆች ግን መጀመሪያ የመጡት እኛ ቤት ነው። የምዝገባው ሰልፍ ላይ የቆሙት በልተው፣ አድረው፣ በማግስቱ ነው።