ከደጅ የሚጀምር ትምህርት

ጂኦግራፊ ምንድን ነው ተብሎ ሲጠየቅ ለብዙዎቻችን የሚመስለን የወንዞችን ርዝመትና የተራሮችን ከፍታ በቃል ማጥናት ነው። እኛም በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለን አማዞንና ዳኑብ ከየት ተነሥተው የት እንደሚገቡ በአንድ ትንፋሽ እየተናገርን ምስጋና እንቀበል ነበር።

ሥራ ይዘን በአየር ጤና ጎጆ ስንቀልስ ግን ዕውቀታችን ተፈተነ። ቦታውን ያየነው በጥር ወር ስለ ነበረ ከአጥሩ ሥር ያለው ፈፋ ደረቅ ነበር። አንድ ሽማግሌ ጐረቤት፥ «ልጆቼ፥ ይህ የውሃ መንገድ ነው፤ ቤታችሁን ወደ ላይ አርቁት» ቢሉን በልባችን ንቀን ዝም አልናቸው። ሐምሌ በገባ በአንድ ሌሊት ዝናም ውሃው የጥንት መንገዱን ይዞ መጣ። አጥራችንን ጥሎ ከቤት ገባ፤ የምስክር ወረቀታችን ጭቃ ለበሰ። ልጆቻችንን በጨለማ ተሸክመን ወደ ሽማግሌው ቤት ወጣን፤ እርሳቸውም አንዳች ወቀሳ ሳይናገሩ በሩን ከፈቱልን።

ከዚያ ወዲህ ትምህርቱን እንደ ገና መረመርነው። ጂኦግራፊ የሚለው ቃል ከግሪክ የመጣ ሲሆን «ምድርን መጻፍ» ማለት ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው መቶ ዓመት በእስክንድርያ የነበረው ኤራቶስቴንስ በዚህ ስም የተጠራ መጽሐፍ ጽፏል። የትምህርቱም ዋና ጥያቄ ሁለት ነው፤ ይኸውም ነገሩ የት ነው? ስለ ምንስ በዚያ ሆነ? የሚል ነው።

ዐበይት ክፍሎቹም ሁለት ናቸው። የተፈጥሮ ጂኦግራፊ የመሬትን ቅርጽ፥ የአየርን ጠባይ፥ ውሃን፥ አፈርንና ዕፀዋትን ይመረምራል። ከኮልፌ ተዳፋት የሚወርደው ውሃ ወደ ትንሹ አቃቂ፥ ከዚያም ወደ አዋሽ ገብቶ፥ ባሕር ሳይደርስ በአፋር ምድር በአቤ ሐይቅ እንደሚቀር የሚያስረዳን ይህ ክፍል ነው። የሰው ጂኦግራፊ ደግሞ የሕዝብን አሰፋፈር፥ እርሻንና ንግድን፥ የከተማን ዕድገትና የአስተዳደርን ወሰን ያጠናል። በጅማ መንገድ ላይ ያለችው አየር ጤና እንዴት እንደ ሰፋች፥ ሰውስ ስለ ምን ወደ ፈፋ ዳር ወርዶ ቤት እንደሚሠራ የሚጠይቅ እርሱ ነው። ካርታ ሁለቱንም በአንድ ገጽ ያገናኛቸዋል።

ሁለቱን ነጣጥሎ ማየት ግን ያሳስታል። ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም በኤውሮፓ አቆጣጠር ከ1958 እስከ 1977 ስለ ነበረው የገጠር ረኃብ ባደረጉት ጥናት፥ ረኃብ የዝናም እጦት ብቻ ሳይሆን የሰው ሥርዐትም ውጤት መሆኑን አስረድተዋል። የእኛም ጉዳት እንዲሁ ነው። ዝናሙ የተፈጥሮ ነበረ፤ ቤቱን በውሃ መንገድ ላይ የሠራን ግን እኛው ነን።

ዛሬ ቤታችን ከፍ ካለው ቦታ ላይ ነው። ባለፈው ክረምት የበኵር ልጃችን ሽማግሌውን እየጠየቀ የሰፈራችንን ፈፋዎች በደብተሩ ላይ ሣለ። ስለዚህ መምህራን ከአማዞን አስቀድመው የተማሪውን ደጅ ቢያስተምሩ፥ አማዞንንም የበለጠ ያስተዋውቁታል እንላለን።